የወለተሐና ማዕድ

ወለተሐና እናቷ በተቀበረችበት ቀን አላለቀሰችም።

አንኮበር ላይ ሰው ሲሞት ሐዘንተኛ ፊቱን ይነጫል፣ ደረቱን ይደቃል። ልጅ ለእናቷ ካላለቀሰች ለማን ታለቅሳለች? ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ በጉሙ ውስጥ ቆመው ሲያዩዋት፣ እሷ እንደ ፍም የሚፋጁ ቀያይ ዓይኖቿን በመዳፏ ትደባብስ ነበር። ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ሲሰነጠቅ ይሰማታል። እንባ ግን የለም። አንዲት ጎረቤት ሌላይቱን ጎሸም አድርጋ፣ «ይቺ ልጅ ልቧ ድንጋይ ነው» ስትል ሰማቻት።

ነገሩ የጀመረው እናቷ ወይዘሮ አስካለማርያም በሕይወት ሳለች ነው። በመጀመሪያ ዓይኗ ውስጥ አሸዋ የገባ መሰላት። ቀጥሎ አፏ መድረቅ ጀመረ። ቆሎ ስትቆረጥም ምላሷ ላይ እንደ ትቢያ ይቀራል፤ እንጀራው ያለ ውሃ አልወርድ ይላል፤ በርበሬ የነካው ወጥ ደግሞ አፏን ይልጠዋል። ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አብጠው ይነሳሉ። ውሎ አድሮ የውሃ ቅል ከጎኗ የማይለያት ሆነች።

አባቷ መምሬ ገብረ ጻድቅ የደብሩ ቄስ ናቸው። የቄስ ልጅ በዐቢይ ጾም፣ ፀሐይ ሳያዘቀዝቅ፣ ከቅል ስትጎነጭ መታየቷ ቀላል ነገር አልነበረም። «ታማለች» ቢሉ ይገላገሉ ነበር። ግን በሽተኛ የተባለች ልጅ ማን ያገባታል? ወሬው ተነስቶ «በዘራቸው ነው» ሊባል ነው። ስለዚህ ዝም አሉ፤ ሰውም የመሰለውን አለ። አጭቷት የነበረው የጎረቤላ መንደሩ ብርሃነ መስቀል ቤተሰቦች፣ «ለእናቷ ያላዘነች ለባሏ ልታዝን ነው?» ብለው እጮኝነቱን አፈረሱት።

ጠበልም ተጠመቀች። ጠበሉ መንፈሷን አሳረፈላት፤ አፏ ግን እንደ ደረቀ ቀረ።

የእናቷ ተዝካር ካለፈ በኋላ፣ ደብረ ብርሃን የምትኖረው አክስቷ ሸዋወርቅ ከመምሬ ፊት ቁጭ አለች። ፈርጠም ያለች፣ ባሏ ከሞተባት ወዲህ ለማንም ያልተጎነበሰች ሴት ናት።

«መምሬ፣ ልጅቱን ይስጡኝ። ደብረ ብርሃን ሐኪም አለ።»

«ሐኪም ምን ያውቅላታል?»

«እኔና እርስዎስ ምን አወቅንላት?»

መምሬ «ውሰጃት» አሉ። ዘመኑ አሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስድስት ነው። በማግስቱ ወለተሐና ገብስ በጫነ መኪና ላይ፣ ከአክስቷ ጎን በጋቢ ተጠቅልላ፣ ደብረ ብርሃን ገባች።

ሐኪም ቤቱ ለምርመራ አስተኛት። በቆርቆሮ ሳህን ምሳ መጣላት፤ ምስር ወጥ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር የቀላ። ሽታው ደስ ይላል። አንድ ጊዜ ጎርሳ ዓይኗን ጨፈነች፤ ሳህኑንም ገፋ አደረገችው። ራቱንም እንዲሁ መለሰች። የማግስቱንም።

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ረዘም ያለ፣ ነጭ ሽርጥ የታጠቀ ወጣት አልጋዋ አጠገብ መጥቶ ቆመ። በእጁ ያልተነካ ሳህን ይዟል።

«ይህን የምትመልሺው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ወጤን ንቀሽው ነው?»

ወለተሐና ቀና ብላ አየችው። ወንድ ልጅ «ወጤ» ሲል ሰምታ አታውቅም። «አልናቅሁትም፤ አልወርድ አለኝ» አለችው።

ለመቆጣት የመጣ ሰው ነበር። ዓይኖቿን ሲያይ ግን ድምፁ ዝቅ አለ። «ይቅርታሽን። እያለቀስሽ መሆኑን አላየሁም።»

«እያለቀስኩ አይደለም። ማልቀስማ ብችል እንዴት ባረፍኩ።»

ወጣቱ ሳህኑን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ፣ ከዚያም ይዞት ሄደ። ወለተሐና ያስቀየመችው መሰላት።

ሲመለስ በኩባያ አጥሚት ይዞ ነበር። «አጃ ነው፤ በርበሬም ቅመምም አልነካውም» አላት። ተቀበለችና ወደ አፏ ስታስጠጋው የተላጠው ምላሷ ተቃጥሎ ደነገጠች። ፊቱ ላይ ያየችው ድንጋጤ ከእሷ የባሰ ነበር። ኩባያውን ወሰደባትና ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጦ፣ እስኪበርድ እዚያው ቆሞ ጠበቀ።

ለብ ሲል ሰጣት። ወረደላት። እስከ መጨረሻው ጠጥታ ኩባያውን ስትመልስለት፣ ሰውየው ደሞዝ የተጨመረለት ይመስል ፈገግ አለ።

ስሙ ደምመላሽ ነው። የደነባ ገበሬ ልጅ ሲሆን፣ ያን ስም ያወጡለት አባቱ የሚመለስ ደም ነበረባቸው። እሱ ግን ጠመንጃ ሳይሆን ጭልፋ ያዘ። ደብረ ብርሃን ሥራ ፍለጋ መጥቶ ለሐኪም ቤቱ ወጥ ቤት እንጨት ፈላጭ ሆኖ ተቀጠረ፤ አንድ ቀን ወጥ ሠሪዋ ስትቀር ድስቱን እሱ ጣደው። ሰው በልቶ ፊቱ ሲፈታ ማየት ወደደ፤ በዚያው ቀረ። ወንድሞቹ «ጓዳ ገባ» ብለው እስኪበቃቸው ስቀውበታል።

ሐኪሙ ጠጉሩ የሸበተ ፈረንጅ ነበር፤ ቁስል አጣቢው ድሬሰር ያስተረጉምለታል። እንባዋን ለመለካት ከዓይኗ ቆብ ሥር ቀጭን ወረቀት ሰክቶ ጥቂት አቆያት። ወረቀቱ እንደ ገባ ደርቆ ወጣ። ጣቶቿን ተጫነ፣ አፏን በመብራት አየ፣ ከዚያም ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ይህ በሽታ በእኛም አገር አለ» ሲል ድሬሰሩ አስተረጎመ። «የሰው ገላ ከውስጡ ዘብ አለው። ያንቺ ዘብ ወዳጅና ጠላት መለየት አቅቶት፣ የገዛ ምንጮችሽን እያደረቀ ነው። የእንባውንም የምራቁንም።»

«እናቴ ስትሞት ያላለቀስኩት በዚህ ነው?»

ድሬሰሩ ጠየቀላት። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። «በዚህ ነው።»

«እንደገና ጠይቅልኝ።»

እንደገና ጠየቀላት። መልሱ ያው ነበር። ወለተሐና እጆቿን ጭኗ ላይ አኖረች። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ እሷም ልቧ ድንጋይ ይሆን ብላ ራሷን ጠርጥራ ነበር።

የሚያድን መድኃኒት አልነበረም። ለዓይኗ ጠብታ ሰጣት። የቀረው በምግብ ነው አለ፦ የረጠበና የለዘበ ትብላ፣ ውሃ በትንሽ በትንሹ አይለያት፣ በርበሬና ሚጥሚጣ ይቅርባት፤ ምራቅ የሌለው አፍ ጥርስ አይጠብቅምና ስኳር ትራቅ፤ ወተትና እንቁላል ታግኝ። «ምግብ አያድናትም» አለ ሐኪሙ ሲነሳ። «ግን ያኖራታል።»

ከሐኪም ቤት ወጥታ አክስቷ ቤት ስትከርም፣ ደምመላሽ ከሥራ ሲወጣ በክዳን የተሸፈነ ሳህን ይዞ መምጣት ጀመረ። ተልባ ቆልቶና ወቅጦ ለብ ባለ ውሃ ይበጠብጥና እንጀራ ይፈተፍትበታል፤ ያ እንደ ቅቤ እያንሸራተተ ይወርድላት ነበር። የሱፍ ፍትፍት ሠራላት። ዱባ በአልጫ አበሰለላት። የቆላው የአሊዩ አምባ ነጋዴዎች ሲመጡ የበሰለ ፓፓያ ይመርጥላታል። ሁሉም ግን አልሰመረለትም። ሎሚ ምራቅ ያመጣል ሲባል ሰምቶ ጨምቆ ቢሰጣት፣ የተሰነጠቀው ከንፈሯ ተቃጥሎ ሁለት ቀን ማውራት አቃታት። ደምመላሽ አፍሮ ከደጅ ቆሞ አልገባም አለ።

«ግባ እንጂ አንተ ልጅ» አለችው ሸዋወርቅ። «ደነባ ወንድ ልጅ ወጥ መሥራት ጀመረ እንዴ?»

«በእኔ ነው የጀመረው፣ እትዬ።»

«እንግዲያው በአንተ እንዳይቀር፣ ሎሚውን ተወውና ግባ።»

ወለተሐና ስትናገር ቃሏ መሃል ላይ ይደርቃል። ሁለት ነገር ተናግራ ቅሏን ታነሳለች፣ አፏን ታርሳለች፣ ከዚያ ትቀጥላለች። ሌላው ሰው ሁሉ፣ አባቷም አክስቷም ሳይቀሩ፣ በዚያ መሃል ሊጨርሱላት ይጣደፋሉ። ደምመላሽ አይጣደፍም። ቅሉን እስክታወርድ ፊቷን እያየ ይጠብቃል። በከተማው በበሬሳ ወንዝ ዳር እየሄዱ ስለ እናቷ የነገረችው በዚህ ዓይነት ነው፤ እየጎነጨች፣ እያቆመች፣ እስከ መጨረሻው። ለማንም ጨርሳ ነግራው አታውቅም ነበር። ተናግራ ስትጨርስ እጇን ያዘ። ያበጡት ጣቶቿ እንዳያማቸው አያያዙ ልል ነበር፤ ያን አያያዝ ወደደችው።

በግንቦት ደምመላሽ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ አንኮበር ወጥተው ሥራውን ሲጠየቁ ሳል ሳል አድርገው «የሐኪም ቤት ሠራተኛ ነው» አሉ። መምሬ ገብረ ጻድቅ አሰቡና፣ «ልጄ በሐኪም እጅ ናት። ስትድን ተመለሱ» ብለው ሸኟቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ደምመላሽ ሌላ ሰው ሆነ። በልታ ስትጨርስ «ጣፈጠሽ?» ማለቱን ትቶ «ተሻለሽ?» ማለት አመጣ። ጣቶቿን የሚቆጥር ይመስል እያገላበጠ ያያል። ክረምቱ ገባ፤ የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ይሰብራል። መገጣጠሚያዎቿ አበጡ፤ አንዳንድ ቀን ከአልጋ አትነሳም። እሱ የድስቱ ጉድለት ይመስለውና ይብሰለሰላል።

ለእንቁጣጣሽ ሸዋወርቅ ዶሮ ሠራች። ቤቱ በዶሮው ሽታ ሲሞላ ወለተሐና አላስቻላትም፤ እንጀራዋን ጫፉን ብቻ ከመረቁ አስነክታ ጎረሰች። አቃጠላት። ቢሆንም የእናቷ ቤት ጣዕም ነበረና ዓይኗን ጨፍና አላመጠችው። ደምመላሽ በዚህ መሃል ገባ።

«ምን ማድረግሽ ነው?»

«አማረኝ።»

«አባትሽ ካልዳንሽ አይሰጡኝም። እኔ ስሠራ እከርማለሁ፣ አንቺ በአንድ ጉርሻ ታፈርሽዋለሽ?»

ልትመልስለት አፏ ደረቀ። ቅሏን አነሳች። ያን ቀን ግን አልጠበቃትም፤ እሷ እየጎነጨች እሱ መናገሩን ቀጠለ። ቅሉን አስቀመጠችና እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ደምመላሽ፣ የምትፈልገው እኔን ነው ወይስ መዳኔን?»

«ምን ልዩነት አለው?»

«እኔ አልድንም። ሐኪሙ ነግሮኛል፤ እኔም ነግሬሃለሁ። መዳኔን ከሆነ የምትጠብቀው፣ የምትጠብቃት ሴት አትመጣም።»

ደምመላሽ የያዘውን ሳህን ከደጃፉ አስቀምጦ ወጣ። በማግስቱ አልመጣም፤ በሳልስቱም። መስቀል እንዳለፈ ወለተሐና ወደ አንኮበር የሚወጣ መኪና ላይ ተሳፈረች። አክስቷ ጋቢዋን እያጠበቀችላት፣ «ይመጣል» አለቻት።

አባቷ ቤት ገብታ ከደምመላሽ የተማረችውን ለራሷ መሥራት ጀመረች። ተልባዋን ትወቅጣለች፣ አልጫዋን ትሠራለች፣ እርጎዋን ታስቀምጣለች። መምሬ ከመደባቸው ላይ ሆነው ያዩዋታል። ስንት ዘመን ልጃቸው ከእህል ጋር ስትታገል አይተዋል፤ አሁን ቀስ ብላ፣ ሳትታነቅ፣ ትበላለች። አንድ ቀን ምግቧን ስታቀርብ፣ «ይህን ማን አስተማረሽ?» አሏት።

«ሽማግሌ ልኮ የመለሱት ሰው» አለቻቸው።

በኅዳር መባቻ፣ ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሳ ደጁን በሸፈነበት ጠዋት፣ ውጭ ሰው «ቤቶች» ሲል ሰማች። ድምፁን አወቀችው። እጇ ላይ የነበረውን ዘነዘና አስቀምጣ ጓዳው ውስጥ እንደ ቆመች ቀረች። መጋረጃው መሃላቸው ነው።

«ሽማግሌዎችህ የት አሉ?» ሲሉ አባቷ ጠየቁ።

«ብቻዬን ነኝ፣ አባቴ። ደንብ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የመጣሁት እነሱ የነገሩዎትን ላርም ነው።»

«ምኑን?»

«የሐኪም ቤት ሠራተኛ ነው ብለዋል። እኔ ወጥ ሠሪ ነኝ።»

ከውጭ የዶሮ ድምፅ ይሰማል።

«መልካም» አሉ መምሬ ቀስ ብለው። «ልጄስ? መጥታ ሳያት ደህና ትበላለች። ድናለች?»

ወለተሐና መጋረጃውን ጨበጠች። የአባቷን ድምፅ ታውቀዋለች፤ «አዎ» መባልን የፈለገ ድምፅ ነበር። «አዎ» ቢላቸው እዚያው ይመርቁታል። እሱም ያንን ማወቁ አልቀረም።

«አልዳነችም፣ አባቴ። አትድንምም። ዓይኗም አፏም እንደዚህ ይኖራል። በብርድ ጣቷ ያብጣል፤ ከአልጋ የማትነሳበት ቀን አለ። ምግቧ ካልተጓደለባት ትኖራለች እንጂ አትፈወስም። እኔ ይህን መስማት አቅቶኝ፣ ዳኚልኝ እያልኩ አስከፋኋት። አሁን የምለምንዎት ከነሕመሟ ነው።»

«ሰው ምን ይለኛል አትልም?»

«ወንድ ልጅ ሆኜ ወጥ ስሠራ ሰው የሚለውን ብሎ ጨርሷል።»

መምሬ ገብረ ጻድቅ ያልጠበቁት ሳቅ አፈናቸው። ሳቁ ቶሎ ጠፋ። «እኔ ግን ፈራሁ» አሉ። «ልቧ ድንጋይ ነው ሲሏት በጆሮዬ እየሰማሁ፣ ታማ ነው ማለት አቃተኝ። ወለተሐና፣ ነይ።»

መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ወጣች። ደምመላሽ ከስቷል፤ ጫማው በጭቃ ተለውሷል። ቀና ብሎ አያትና መልሶ አቀረቀረ።

«ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ፣ አባቴ።»

«ምን ትያለሽ?»

ልትናገር ስትል ምላሷ ከላንቃዋ ተጣበቀ። ቅሏን አነሳች። አባቷ ልማዳቸው ሆኖ የጀመሩትን ቃል፣ ደምመላሽ ዝም ብሎ እንደሚጠብቅ ሲያዩ፣ ዋጡት። ሁለቱ ወንዶች ጎንጭታ እስክታወርድ ጠበቋት።

«አዝኜበታለሁ» አለች። «ግን እሺ።»

በሚቀጥለው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሊበተን ሲል፣ መምሬ መስቀላቸውን እንደ ያዙ ቆሙ። «ልጄ ለእናቷ ያላለቀሰችው እንባዋ በሕመም ደርቆ ነው» አሉ። «በጾም ውሃ የምትቀምሰውም በሕመም ነው፤ እኔ አውቃለሁ። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ያማችኋት ይበቃችኋል።» ያን ዕለት ማታ፣ በቀብሩ ላይ ክፉ ቃል የተናገረችው ጎረቤት አሬራ በገንቦ ይዛ መጣች። ስለ ምንም ነገር ሳታነሳ፣ ገንቦውን ከደጁ አስቀምጣ፣ ስለ ገብሱ አዝመራ አውርታ ሄደች።

ጥር ላይ በቁርባን ተጋቡ። ለቁርባን ውሃ እንኳን አይቀመስምና ከዋዜማው ማታ ጀምሮ አፏን ሳታርስ አደረች። ጠዋት ድምፅ አልነበራትም። መምሬ ቅዳሴው በማለዳ እንዲገባ አድርገው ነበር። ቆርባ ጠበሉ ሲቀዳላት ደምመላሽ ከጎኗ ቆሞ ክርኗን ደገፈ። ጠጥታ ስትጨርስ ነጠላዋን አስተካክላ አየችው። ከሠርጉ ሁሉ እሱ የሚያስታውሰው ያን አስተያየት ነው።

ደብረ ብርሃን ከሸዋወርቅ ቤት ብዙም ሳይርቅ ቤት ተከራዩ። ሕመሙ አልተዋትም። ደህና ሳምንት አለ፣ ክፉ ሳምንት አለ። በክፉው ሳምንት አትስቅም፣ ሰውም ማየት አትፈልግም፤ ደምመላሽ ምግቡን ከአጠገቧ አስቀምጦ ይወጣል። በደህናው ሳምንት ጓዳ አብረው ይገባሉ፤ በርበሬ የሌለው ወጥ እንዴት እንደሚጣፍጥ ይከራከራሉ። እሷ ኮረሪማ ትላለች፣ እሱ ነጭ ሽንኩርት ይላል።

ያን ዓመት ዐቢይ ጾም እንደ ገባ መምሬ ገብረ ጻድቅ ሳያስቡት መጡ። እኩለ ቀን ነበር። ወለተሐና ከምሳዋ ፊት ተቀምጣለች። የአባቷን ቀሚስ ከደጃፉ ስታይ ሳህኑን በነጠላዋ ልትሸፍን እጇ ተነሳ።

«ተይው» አሏት። በትራቸውን ከግድግዳው አስደግፈው ተቀመጡ። ደምመላሽ እጁን እየጠረገ ከጓዳ ወጥቶ መስቀል ተሳለመ፤ አማቱ ፊት ሽርጡን መፍታት ረስቶ ነበር።

«አንተስ ትበላለህ?»

«እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፣ አባቴ። ብቻዋን እንዳትበላ ነው አጠገቧ የምቀመጠው።»

መምሬ ውሃ አስመጥተው እጃቸውን ታጠቡ። ወደ ልጃቸው ሳህን ተጠግተው፣ ጾመኛ እንደሆኑ፣ በእኩለ ቀን ማዕዷን ባረኩ። ከሱፉ ፍትፍት ጥቂት ሰብስበው፣ አፏን እንዳያማት አሳንሰው ጠቅልለው አጎረሷት። ወለተሐና ቀስ ብላ አላመጠች። ማንም አላጣደፋትም።

ውጣ መጨረሷን ካዩ በኋላ ወደ ደምመላሽ ዞሩ።

«ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን» አሉት፣ «ለእኔም ከዚሁ ፈትፍትልኝ።»